የጋቢና ተሳፋሪ

ምክር መስጠት ለእኔ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ከመጣ አይመለስም። ሠላሳ ሁለት ዓመት በርዕሰ መምህርነት ሳገለግል ተማሪውን መክሬአለሁ፣ ወላጁን መክሬአለሁ፣ አጥር ዘሎ የገባ ሌባ እንኳ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ቁጭ አድርጌ መክሬአለሁ። ጡረታ ወጥቼም አልተሻለኝም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ስንቱ ላይ እንደተረትኩት እኔም አላውቀው። መከራ መካሪውን ራሱን ሊመክር እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሊፍት ውስጥ ነው። የጡረታ መታወቂያዬን ላሳድስ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ቢሮ ስወጣ፣ አራተኛውን አልፈን አምስተኛው ጋ ሳንደርስ መብራት ጠፋና ሊፍቱ ቀጥ አለ። አብሮኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተጠቀለለ የሕንጻ ንድፍ በብብቱ የያዘ ጎልማሳ። የስልኩን መብራት አበራና ፊቴን ሲያየው ደነገጠ።

«ዳይሬክተር! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

እኔም ወዲያው አወቅኩት። አሥረኛ ክፍል ሳለ የትምህርት ቤቱን ደረጃ በማስመሪያ ለክቶ «አንዱ ከሌላው በሁለት ጣት ይበልጣል፣ ሰው ይሰብራል» ብሎ በጽሑፍ ያመለከተኝ ልጅ ነው። ያኔ ተቆጥቼ መለስኩት። በሳምንቱ የታሪክ መምህሯ እዚያው ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። አሁን ኢንጂነር ሆኗል።

ደወሉን ተጫንን፣ ከታች አንድ ድምፅ «ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ ታገሱ» አለን። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲዘጋበት ከማውራት ሌላ ምን ያደርጋል? ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ስለ ሥራው ጠየቅኩት፣ ከዚያ ወደ አባቱ ደረስኩ።

«አባ ዝግታስ? ደኅና ናቸው?»

አባ ዝግታ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ተሳፋሪ ነው። አባቱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ከኋላቸው የተነሳ ሁሉ ቀድሟቸው ይገባ ነበር። «በሳቸው መኪና ከተሳፈርክ ሠርግ ያመልጥህ ይሆናል፣ መቃብር ግን አትገባም» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግን፣ ዝናብ በጣለበት አንድ ከሰዓት፣ የእኚያው ዝግተኛ ሰው አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሰባት ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ፍሬን እምቢ ብሎ ነው ብለው ጻፉ፤ ሾፌሩም ነጻ ተባሉ።

«በሕይወት አለ» አለኝ ኢንጂነሩ። አነጋገሩ አልጣመኝም።

«እንዴት ነው በሕይወት አለ ማለት?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ምግብ እንኳ በልመና ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩ ላይ የሆነ ነገር አገኘ። ከዚያ ወዲህ ይበላል፣ ጢሙን ይላጫል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሸሚዝ ቀይሮ ይቀመጣል።»

«ታዲያ እግዜር ይመስገን አይባልም?»

«ምን እንደሚያይ ቢያውቁ አይሉም። ጌም ነው የሚያየው።»

«ይጫወታል ማለትህ ነው?»

«ቢጫወትማ ጥሩ! ሌላ ሰው ሲጫወት ነው የሚያየው። አንዲት ልጅ አለች፣ ፊቷ እንኳ አይታይም። ኮምፒዩተር ላይ አውቶቡስ ትነዳለች፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያያታል። በላይቭ! ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። አርባ ሃምሳ የሚሆን ሰው አብሮት ያያል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የሷ አውቶቡስ ውሸት፣ የሳቸው ጉዞ የውሸት ውሸት?»

«መሳቁንስ እኔም በሳቅኩ» አለ። «ግን ከጌም ሁሉ አውቶቡስ ነው ዳይሬክተር። ቁልቁለት፣ ዝናብ፣ ተሳፋሪ። ቁስሉን በየቀኑ በጥፍሩ እየነካካ ነው። አንድ ቀን ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞርብኛል፣ ያኔ አይነሳም። ወስኛለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ኢንተርኔቱን አስቆርጣለሁ።»

መብራት መጣ፣ ሊፍቱ ተንቀጠቀጠና መውጣት ጀመረ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስንለያይ «ቆይ፣ አትቁረጥ። መጥቼ ላናግራቸው» አልኩት። የጠራኝ ግን አልነበረም።

ቤታቸው ምድር ቤት ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። መስኮቱ የጋራዥ ግድግዳ ስለሚያይ ቀንም መብራት ይበራል። ሽማግሌው የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሾፌሮች የሚወዱት ከእንጨት ዶቃ የተሠራ የመቀመጫ ልብስ ተነጥፏል፤ ከአውቶቡሱ የተረፈው እሱ ብቻ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ የስኳር ጣሳ ተደግፎ ቆሟል። ተላጭተዋል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል። እጃቸው ግን አንዴ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ እያለ ማረፊያ ያጣል።

ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ሲጫወት ማየት ምን ይጠቅማል? የሰው ወርቅ አያደምቅም። ሰው ሲበላ አይቶ የጠገበ አለ?»

«የለም» አሉ በትሕትና። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በኔ አውቶቡስ ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«የት ተቀመጡ?»

«ጋቢና ነዋ! ከእርስዎ ጎን። ጋቢና ላገኝ ብዬ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ሄጄ ተሰልፌአለሁ።»

«ለምን ጋቢና አሉ?»

«መንገዱን ለማየት።»

«መንዳት አምሮዎት ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! መንጃ ፈቃድም የለኝ።»

«አዩ እንግዲህ» አሉ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጋቢና ሲሻሙ አይቻለሁ። ትልልቅ ሰዎች ተገፋፍተዋል፤ አንዱ ሻለቃ ከአንዱ ቄስ ጋር ሊደባደብ ነበር። አንዳቸውም መንዳት አልፈለጉም። መንገዱ ሲመጣ ማየት፣ ሾፌሩ ምን እንደሚያደርግ ማየት፣ መሀል ላይ ሁለት ሦስት ቃል መጨዋወት፣ ይሄ ነው የሚፈልጉት። ደግሞ ልንገርዎ፤ እኔ ፍሬን ስይዝ ጋቢና ያለው ሰው ሁሉ እግሩን ወለሉ ላይ ይጭናል። ከእግሩ ስር ምንም የለም እኮ! ግን ይረግጣል። እርስዎም ሲረግጡ አይቻለሁ።»

አፈርኩ፤ እውነት ነው፣ ረግጫለሁ። ቢሆንም ለመሸነፍ አልተፈጠርኩም።

«ያ መንገድ የሆነ ቦታ ያደርሰኝ ነበር ጋሼ። ይሄ ግን ሦስት ሰዓት ሄደው ሄደው እዚሁ ወንበር ላይ ነው የሚያወርድዎ። አውቶቡሱ ሥዕል፣ ተሳፋሪው ሥዕል!»

«ሥዕል መሆኑ ነው ደግነቱ» አሉ። እዚህ ላይ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ የሚቀጥለውን ክርክሬን እያዘጋጀሁ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ድምፅ ሰጠ። ልጅቷን ተመልካቾቿ ሊያሾፉባት «እትዬ መሪ» ይሏታል፤ ዕድሜዋ ግን ከሃያ አምስት አይበልጥም። የምትጫወተው ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሆና ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው መንገዱ ነው፤ በስተጥግ ሁለት እጆቿ አሉ፣ ቀለም የነካካቸው። «ሰላም ዋላችሁ? ጋቢና ማን አለ?» ስትል ከስር ጽሑፍ ይጎርፋል። ሽማግሌው በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ፣ «አለሁ» ብለው ጻፉ፤ የሚጽፉበት ስም ያው አባ ዝግታ ነው።

«አባ ዝግታ ገብተዋል! እንግዲህ መነሳት እንችላለን» አለች።

ጥቂት እንደሄደች ከጀርባዋ የሰው ድምፅ ተሰማ። «ደንበኛ መጣ፣ ይቅርታ፣ ላቁመው» አለችና ፍሬቻ አብርታ፣ ዳር ይዛ፣ አውቶቡሱን ቀስ ብላ አቆመች። የፎቶ ኮፒው ማሽን ሲያጓራ አርባ ሰው የቆመ አውቶቡስ እያየ ጠበቃት።

«አዩዋት?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ዓይናቸው በርቶ። «ፍሬቻ አበራች። ከኋላዋ መኪና የለም፣ ትራፊክ የለም፣ የሚቀጣት የለም። ግን አበራች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ይቺን አይቼ ነው ከአልጋ የተነሳሁት።»

ቁልቁለት ጋ ስትደርስ «ማርሽ ላውርድ አባ ዝግታ?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው «ሁለተኛ» ብለው ጻፉ። ወረደች። ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ ሜዳው ጋ ሲደርሱ ለቀቁት።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ትንሽ ተነክቶ ነበር። ነገር ግን ልብ ሲነካ ወዲያው ምክር የሚታየኝ ሰው ነኝ። ከቤቱ ስወጣ ኢንጂነሩን በር ላይ ያዝኩት።

«መቁረጡስ ጭካኔ ነው፣ እሱን ተወው» አልኩት። «ችግሩ ማየታቸው አይደለም፣ አለመሥራታቸው ነው። ተማሪ አይቶ አይማርም፣ ሠርቶ ነው። ለዚህ ጌም የሚሆን መሪና ፍሬን ይሸጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ግዛላቸው፤ ራሳቸው ይንዱ። መሪውን ሲጨብጡት ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል።»

ፊቱ በራ። መቁረጡን ራሱም አልወደደውም ኖሯል። «እንዴት አላሰብኩትም!» አለ። ሰው ማየት የሚወደው መጫወት ስላቃተው ነው ብለን ሁለታችንም አመንን፤ የተማርን ሰዎች!

ቅዳሜ ከሰዓት ተጠራሁ። ኢንጂነሩ ጠረጴዛውን ለክቶ፣ በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ መሪውን በቡሎን አስሮታል። ከስር ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅ መስጫ ያለበት የፕላስቲክ ሰሌዳ አለ። ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን አቁሟል። ላቡ ጠብ ይላል፤ ፊቱ በልጅነቱ የደረጃውን ልኬት ይዞልኝ ሲመጣ የነበረው ፊት ነው።

አባትየው መሪውን ሲያዩት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ መቼ መንዳት አማረኝ አልኩ?»

«አንዴ ብቻ ሞክረው አባዬ። ስለኔ ብለህ።»

ወደ እኔ ዞር አሉ፣ እንዳስጥላቸው። እኔ ምን አልኩ? «አይዞዎት ጋሼ፣ ጨዋታ ነው እኮ!»

ተቀመጡ። ወንበሩን አስጠጉ። ስፖኪዮ በሌለበት ግራና ቀኝ አዩ። እጃቸው መሪው ላይ ሲያርፍ ያ ሁልጊዜ የሚቅበዘበዘው ጣት ጸጥ አለ፤ አውቶቡሱም እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ወጣ። ኢንጂነሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አጨበጨብኩ።

መንገዱን የመረጠው ልጃቸው ነው፤ ሥዕሉ ያምራል ብሎ ተራራ ያለበትን። ዳገቱ አለቀና ቁልቁለቱ ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ ዝናብ መጣል ጀመረ። የሽማግሌው አንገት ሲገተር አየሁ። ቀኝ እግራቸው ፍሬኑን ረገጠው፣ እንደገና ረገጠው፣ ከዚያ አልነሳም አለ፤ ሰሌዳው ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። «በሩን ክፈተው!» ብለው ጮኹ። «ክፈተው አንተ ልጅ! ውረዱ! ዝለሉ! በሩን በለው!» ይጮሁ የነበረው ለረዳታቸው ነው። ረዳታቸው ከሰባቱ አንዱ ነበር።

የሥዕሉ አውቶቡስ አጥር ጥሶ ተገለበጠ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ በትልልቅ ፊደል አንድ ጥያቄ ወጣ፦ «እንደገና ይሞክሩ?»

ልጃቸው ጣታቸውን አንድ በአንድ ከመሪው ላይ አላቀቀ። ወንበሩ ረጥቦ ነበር። ያ በተተኮሰ ሸሚዝ የሚቀመጥ ሰው፣ የእርጥበቱን ነገር እንዳየን ሲያውቅ የተመለከተኝን አመለካከት እስክሞት አልረሳውም። ፎጣ ላመጣ ብዬ ወጣሁ፤ እውነቱ ግን መሸሼ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ጥምጥሜ አፍንጫዬ ድረስ ወርዶ ኖሯል።

አሥራ አንድ ቀን አልተናገሩም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ከውሃና ከሁለት ሦስት ማንኪያ ሾርባ በቀር አልወሰዱም። ስልኩ የስኳር ጣሳውን እንደተደገፈ ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙ መጣ፤ ሰውነታቸው ደኅና ነው፣ ግን በዚህ ከቀጠሉ ልብ አይችልም ብሎ ሄደ። ኢንጂነሩ ከሥራ ቀርቶ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ ጀመር፤ እኔን ሲያየኝ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በየቀኑ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው አልነበረኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ኢንጂነሩ ሾርባ ሊያሞቅ ወጣ።

«ጋሼ፣ በደልኩዎት» አልኩ። «ሳልጠይቅ መከርኩ።»

ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደዞረ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ዝጎ ነበር።

«ፍሬኑ እምቢ ያለው እውነት ነው ዳይሬክተር። ለምን እምቢ እንዳለ ግን የጠየቀኝ የለም። የሾፌር ሕግ አለ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላል። በሁለተኛ ማርሽ ወጥቼ በአራተኛ ወረድኩ። መኪናውን ማርሹ ካልያዘው ፍሬኑ ብቻውን ነው፤ ሲረገጥ ሲረገጥ ይግላል፣ ሲግል እምቢ ይላል። መርማሪው ያየው የጋለ ፍሬን ነው። ማርሹን ማን ያየዋል፣ ሁሉ ነገር ተሰባብሮ!»

«ለምን በአራተኛ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሳቁብኝ። ከኋላ አንዱ ‹አባ ዝግታ፣ እኛ ወርደን እንግፋው እንዴ?› አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፣ ረዳቴም ሳቀ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲስቁ አብሬ ስቄ አልፌ ነበር። የዚያን ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም። ‹እስቲ ዛሬ እዩኝ› አልኩ። የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የተወጉትማ ሞቱ። የማይረሳው ወጊው ነው።»

በር ላይ ሳህን ሲንኳኳ ሰማሁ። ኢንጂነሩ ሾርባውን እንደያዘ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁትም፤ ፊቱን ሲያዩት ግን ሁሉንም ሰምቷል።

«አባዬ» አለ። «የረዳቱ እናት መጥተው ነበር። ያኔ፣ አንተ ተኝተህ። በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ፣ ‹አባቴ ነጻ ነው፣ ወረቀቱ ይኸው› ብዬ አባረርኳቸው። ጮኬባቸው ነው ያባረርኳቸው።»

ሽማግሌው ዞሩ። አባትና ልጅ ተያዩ፤ ማንም ማንንም አላጽናናም። እኔ በዚያች ሰዓት ወለሉ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ልጁ።

«አንተ በኔ ኮርተህ ትጣላልኝ ነበር። ለማን ልንገር? ያኔ ነው ይቺን ልጅ ያገኘኋት።» ቀስ ብለው ተነስተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ዳይሬክተር ምን ይጠቅማል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ልንገርዎ። መሪውን እኔ ስይዘው ሰባቱም ተሳፈሩ። ለእናንተ ሥዕል ናቸው፤ እኔ ግን በስማቸው ነው የማውቃቸው። እሷ ስትይዘው ሌላ ነው። እሷ ስትነዳ እኔ ጋቢና ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ቁልቁለቱ ይመጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ግን መሪው በኔ እጅ አይደለም። ታወርደዋለች፣ ሰዉ በሰላም ይገባል። ደስታ ነው አልልም። እረፍት ነው። ደግሞ ‹ሁለተኛ› ብዬ ስጽፍላት ትሰማኛለች። የዚያን ቀን ራሴን ያልሰማሁትን።»

«ሌሎቹስ?» አልኩ። «አርባው ሰው ሁሉ ሾፌር ነው?»

«ኧረ አንዱም አይደለም። አንዱ ከሆስፒታል አልጋ ነው የሚያየው፤ ሦስት ወሩ። አንዷ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን መጋዘን ትጠብቃለች፣ የሰው ድምፅ የምትሰማው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንዱ መንዳት እየተማረ ነው፣ ከሷ ስህተት ይማራል። አንዱ ምንም የለበትም፣ የእጇን ቅልጥፍና ወዶ ነው። አንዱ ከቀረ ‹የት ሄደ?› ይባባላሉ። ሰው ነው እኮ ዳይሬክተር፤ ሰው የሚያምርበትን ነገር ሲሠራ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ማየት የማይወድ ማን አለ?»

እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። እንደ ልማዴም ትምህርቱን ዘርዝሬ እጽፈዋለሁ፤ ይህቺ የመጨረሻዬ ትሁን። ሰው ሌላው ሲጫወት የሚያየው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚያውቀውን ሥራ በሌላ እጅ ተሠርቶ ያያል፤ ብቻውን ከመሆን ይድናል፤ ፍርሃቱን በሩቁ ሆኖ ይለማመደዋል፤ ጥፋት ሳይደርስ ትንፋሹን ይዞ ይለቃል። የሚያይ ሁሉ ይህን ያገኛል አልልም፤ ዕድሜውን የሚያቃጥልበትም አለ፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን ከሰው እጅ ላይ ነገር ከመንጠቅ፣ ወይም በግድ ከማስጨበጥ በፊት፣ «ምን ታይበታለህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይቺ አንድ ጥያቄ አሥራ አንድ ቀን ታድን ነበር።

ኢንጂነሩ ሾርባውን አስቀምጦ ስልኩን አነሳ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሲከፍተው አውቶቡሱ ቆሟል፤ ከፊቱ ተራራውን የሚወርደው መንገድ አለ፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል።

«ዛሬም አልመጡም?» ትላለች ልጅቷ። «አሥራ ሁለት ቀን ሆነ እኮ። አውቃለሁ፣ ሜዳ ለሜዳ ስነዳ ሰልችቷችኋል። ግን ይሄን ቁልቁለት ያለ አባ ዝግታ አልወርድም። የሚያውቃቸው ሰው ካለ ደኅና መሆናቸውን ብቻ ይንገረኝ።»

ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ማልቀሳቸውን ያወቅኩት በትከሻቸው ነው።

«ልጻፍላት?» አለ ልጃቸው።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ ነገ የረዳቴ እናት ጋ ትወስደኛለህ። ማርሹን እነግራታለሁ። ከፈለገች ትክሰሰኝ፣ ከፈለገች ትትፋብኝ።»

ኢንጂነሩ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀውን የነጻነት ወረቀት እያሰበ ነበር ይመስለኛል። ከዚያ «እወስድሃለሁ» አለ። «ይቅርታ የምጠይቀው እኔም አለኝ።»

«እርስዎም ይጻፉት ዳይሬክተር» አሉኝ። «መምከር ከወደዱ ይሄን ይጻፉ። ማርሹን ግን እንዳይደብቁ፤ የሚያነበው ሾፌር ይኖራል።»

ይኸው ጽፌዋለሁ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

እንግዲህ ሦስታችንም አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ሽማግሌው መሀል። ኢንጂነሩ አባቱ እንደነገሩት «አለሁ። ሁለተኛ» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ካነበበች በኋላ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ፣ ከዚያ ፍሬቻውን አጥፍታ ተነሳች። ዝናብ ነበር። መንገዱ እየጠመዘዘ ወረደ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ስትይዝ ሳላስበው ወደ ታች አየሁ። የአባትየው እግር፣ የልጁ እግር፣ የእኔም እግር ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ረግጦ ነበር።